ጆሮ ያስከፈለው መርፌ እና ሁለቱ ሴቶች

ፉሜዛ ቲሲሌ በ2010 የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያደገችው በኬፕ ታውን ዳርቻ በምትገኘው ካየሊቻ ነው። ታመመች፣ ተመረመረች፣ ቲቢ ነው ተባለች። የተለመደው መድኃኒት ተሰጣት፤ አልተሻላትም። ጀርሙ መድኃኒቱን የተላመደ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በኋላ መርፌ ተጀመረላት። መርፌው ካናማይሲን ይባላል። ከወራት በኋላ መስማት አቆመች። አንዱ ጆሮዋ ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ጠፉ።

ናንዲታ ቬንካቴሳን ደግሞ የሙምባይ ልጅ ናት፣ ጋዜጠኛ። እሷን የያዛት የአንጀት ቲቢ ነበር፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ለሚመስለው ሰው ይህ ራሱ አዲስ ነገር ነው። አንጀትን፣ አጥንትን፣ የአንገት ዕጢን፣ የአንጎል ሽፋንን ሁሉ ይይዛል። ናንዲታም በ2013 በመርፌው ምክንያት ጆሮዋን አጣች።

ሁለቱ ሴቶች በሁለት አህጉር የሚኖሩ ናቸው። በኋላ ግን ተገናኝተው በአንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ ላይ አቤቱታ አስገቡ። አቤቱታቸው የተነሳው በአንዲት ክኒን ጉዳይ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው የዚያችን ክኒን ዋጋ ታሪክ ነው። የቲቢ ምርምር፣ ገንዘብ፣ ሕክምና የሚባለው ውስብስብ ነገር ሁሉ በእሷ ውስጥ ይታያል።

መጀመሪያ ግን ስለ ጀርሙ።

ከእኛ ብዙዎቹ ከቲቢ ጋር የምንተዋወቀው በደረት ራጅ ነው። ዲቪ የደረሰው ሰው፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው፣ ሁሉም ራጅ ይነሳል። ራጁ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ጉዞው ይቆማል፣ አክታ ይሰጣል፣ የአክታው ካልቸር ውጤት ሳምንታት ይጠበቃል። በዚያ ሰሞን ቤተሰቡ ለማንም ትንፍሽ አይልም። የሚያሳፍር ነገር የተገኘበት ይመስል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የቲቢ ጀርም አንድ ጊዜ ገብቶበታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሕይወት ዘመናቸው አይታመሙም። ሰውነታቸው ጀርሙን ከብቦ ያስተኛዋል። የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ምግብ ሲጎድል፣ ኤች አይ ቪ ሲኖር፣ ስኳር በሽታ ሲኖር፣ ሰው ተጨናንቆ ሲኖር የተኛው ጀርም ይነሳል። የሚተላለፈው በሚሳል ሰው ትንፋሽ ነው። በስኒ፣ በሰሃን፣ በልብስ አይተላለፍም። ስንት ሰው በገዛ ቤቱ የብቻ ስኒ ተለይቶለት እንደታመመ ሳስብ ያንገበግበኛል። ስኒ መለየት ማንንም አላዳነም። መስኮት መክፈት ግን ያድናል።

ጀርሙ ቀርፋፋ ነው። አንዳንድ ሌሎች ባክቴሪያዎች በየ20 ደቂቃው ይባዛሉ። ይሄኛው አንዴ ለመባዛት ወደ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ሰውነቱ ሰም በመሰለ ወፍራም ቅባት ተሸፍኗል። ይተኛል፣ ይደበቃል። አብዛኛው መድኃኒት ደግሞ የሚሠራው ጀርሙ ሲንቀሳቀስ ነው። ለዚህ ነው ሕክምናው ስድስት ወር የሚፈጀው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት መድኃኒት። ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ዋናዎቹ ናቸው። በሽተኛው በሦስተኛው ሳምንት ይሻለዋል፣ ይበላል፣ ሥራ ይጀምራል። የተኛው ጀርም ግን አሁንም ውስጡ አለ።

አራት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ለምን? አረምን አስቡት። ማሳው ውስጥ ከሚሊዮኖቹ አረሞች መሀል በአጋጣሚ አንዱን ፀረ አረም የሚቋቋሙ ጥቂቶች አሉ። አንድ ዓይነት ብቻ ብትረጩ ሌላው ሁሉ ይደርቅና እነዚያ ጥቂቶቹ ማሳውን ይወርሱታል። ሁለት ሦስት ዓይነት በአንድ ላይ ሲረጭ ግን ሁሉንም የሚቋቋም አረም ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ቲቢም እንዲሁ ነው። መድኃኒት ሲቋረጥ፣ ሲጎድል፣ ሲያልቅ፣ በትክክል ሳይታዘዝ ሲቀር የሚቋቋመው ይተርፋል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የምንለው እሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። «መድኃኒቱን አቋርጦ ነው» የሚባል ፍርድ አለ። ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። የተላመደው ጀርም እንደ ሌላው ሁሉ በትንፋሽ ይተላለፋል። አንድ ቀን እንኳ መድኃኒት ያላቋረጠ ሰው፣ እንዲያውም በሕይወቱ የቲቢ ክኒን ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ የተላመደውን ጀርም በቀጥታ ከአየር ሊወስድ ይችላል። ሕፃናት ይይዛቸዋል። ነርሶች ይይዛቸዋል።

እና እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይታከም ነበር? መልሱ ከባድ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሕክምናው ወደ ሁለት ዓመት ይወስድ ነበር። በየቀኑ እፍኝ ሙሉ ክኒን ይዋጣል። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ለስድስት፣ ለስምንት ወር ያህል ደግሞ መርፌ አለ። ካናማይሲን፣ አሚካሲን ወይም ካፕሪዮማይሲን። መርፌው ያማል፣ መቀመጫ ያብጣል፣ መተኛትም መቀመጥም ያስቸግራል። ከክኒኖቹ አንዱ፣ ሳይክሎሰሪን፣ አእምሮን ሊያውክ ይችላል። ፉሜዛ እስክትድን ድረስ ወደ 20,000 የሚጠጉ ክኒኖች ዋጠች። በ2013 ዳነች።

መርፌው ለምን ጆሮ ያጠፋል? በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ተቀብለው ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ ፀጉር የመሰሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነዚህ መድኃኒቶች እዚያ ተጠራቅመው ይገድሏቸዋል። የሞቱት እንደገና አይበቅሉም። አንዳንዱ በሽተኛ መጀመሪያ ጆሮው ውስጥ ሲጮህ ይሰማዋል፣ ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ ይጠፋበታል፣ ከዚያ የሰው ንግግር። ቀድሞ ሕክምናውን ለሚደግም በሽተኛ ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲንም የእነዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙም ለበሽተኛውም የቀረበው ምርጫ «ጆሮህን ወይስ ሕይወትህን» የሚል ነበር። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊቀርብለት አይገባም ነበር። የቀረበው ደግሞ የተሻለ ነገር መሥራት ስለማይቻል አይደለም። ለረጅም ጊዜ ማንም ስላልሞከረ ነው።

ሮበርት ኮኽ የቲቢን ጀርም ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ተገኘ። አይሶናያዚድ በ1952 መጣ። ሪፋምፒሲን በ1960ዎቹ። ከዚያ ዝም። ከ40 ዓመት በላይ አንድም አዲስ ዓይነት የቲቢ መድኃኒት ገበያ ላይ አልወጣም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሀብታም አገሮች ቲቢ ቀነሰ፤ የቀረው በሽተኛ ድሃ ነው። መድኃኒት የሚሠራ ኩባንያ ሊገዛው የሚችል ሰው ይፈልጋል። ቲቢ የያዘው ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ኪሱ ግን ባዶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ወደ 10.7 ሚሊዮን ሰው በቲቢ እንደታመመና ወደ 1.23 ሚሊዮን እንደሞተ ገምቷል። ሊድን በሚችል በሽታ።

ዝምታው የተሰበረው በ2012 መጨረሻ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቤዳኩዊሊን የሚባል ክኒን ፈቀደ። ክኒኑን የሠራው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ ነው። አሠራሩ ከቀድሞዎቹ ሁሉ የተለየ ነው። ጀርሙ ኃይል የሚያመርትበትን ክፍል ይዘጋበታል፤ ጀነሬተሩን እንደማጥፋት ነው። ክኒን ስለሆነ መርፌ አያስፈልገውም። ጆሮ አያጠፋም።

ታዲያ ማን አገኘው? ኩባንያው መጀመሪያ ያወጣው ዋጋ እንደ አገሩ ገቢ ይለያያል። ለስድስት ወር፣ ለድሃ አገሮች 900 ዶላር፣ ለመካከለኛ ገቢ አገሮች 3,000 ዶላር፣ ለሀብታሞቹ 30,000 ዶላር። ይህ የዚህች የአንዷ መድኃኒት ዋጋ ብቻ ነው። በሽተኛው ከእሷ ጋር ሌሎች አራት አምስት መድኃኒቶች ይፈልጋል። በኋላ በዕርዳታ መልክ የተሰጠ ነበር፣ ዋጋውም ደረጃ በደረጃ ወረደ፣ በ2018 ወደ 400 ዶላር ደረሰ። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን በዓመት ቢያንስ 108,000 ሰው የሚበቃ ቢመረት ትርፍ ተጨምሮበት እንኳ በቀን በ25 የአሜሪካ ሳንቲም ሊሸጥ እንደሚችል አስልተው ነበር። ለስድስት ወር ሲባዛ ከ50 ዶላር በታች ማለት ነው።

«ኩባንያው ገንዘቡን አፍስሶበታል፣ መመለስ አለበት» የሚል ክርክር አለ። ተገቢ ክርክር ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡን እንየው። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት መድኃኒቱ ላይ ማን ምን ያህል እንዳወጣ ለመቁጠር ሞክሯል። መንግሥታትና በጎ አድራጊዎች ያወጡት ኩባንያው ካወጣው ከ1.6 እስከ 5.1 እጥፍ ይሆናል ይላል። ግብር ከፋዩ ከፍሏል፣ በሽተኞች ደግሞ በገዛ አካላቸው ከፍለዋል።

ይህን ስል ስለ ሩቅ ሰው አይደለም የማወራው። የእኛ ሰዎች አሉበት። ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በተደራጀ መንገድ ማከም የተጀመረው በ2009 ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ሥር ባለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ጎንደር። ሐኪሞቹ የሳንባውን ብቻ አላከሙም፤ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ የቤት ክትትል አብረው አዘጋጁ። የመጀመሪያዎቹ ከ600 በላይ ታካሚዎች ውጤት ሲታተም ከአራቱ ሦስቱ በላይ ሕክምናቸውን በስኬት ጨርሰዋል። በዚያ ዘመን ይህ ከዓለም አማካይ እጅግ የተሻለ ነበር። ይህ ታሪክ በአገራችን በቂ አልተወራለትም ባይ ነኝ።

ከዚያ ስትሪም የሚባል ትልቅ ጥናት መጣ። ጥያቄው የ20 ወሩን ሕክምና ማሳጠር ይቻላል ወይ የሚል ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ ኢትዮጵያ፣ ሞንጎሊያ፣ ደቡብ አፍሪካና ቬትናም ተሳተፉ። 424 ሰዎች ገቡበት። ውጤቱ በ2019 ታተመ። ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ የማይተናነስ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ወደ 79 በመቶ አካባቢ። አጭሩ ግን አሁንም መርፌ ነበረው።

ሁለተኛው ምዕራፍ መርፌውን አውጥቶ ቤዳኩዊሊንን አስገባ። በዚህኛውም ኢትዮጵያ ነበረች፣ ከጆርጂያ፣ ህንድ፣ ሞልዶቫ፣ ሞንጎሊያ፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ጋር። በ2022 ውጤቱ ወጣ። በክኒን ብቻ የታከሙት ላይ 83 በመቶ ጥሩ ውጤት ተገኘ፣ መርፌ በነበረበት ሕክምና 71 በመቶ። ከባድ የመስማት ጉዳት መርፌ ከተወጉት 9 በመቶው ላይ ታየ፣ ክኒን ከዋጡት ግን 2 በመቶው ላይ። ዛሬ አንድ በሽተኛ የትም አገር ሆኖ ጆሮውን ሳይገብር ሲታከም፣ በጥናቱ ውስጥ ያለፉት ኢትዮጵያውያን ታካሚዎችም አሻራ አለበት። ስማቸውን አናውቅም። ግን አክታቸውን፣ ደማቸውን፣ ወራታቸውን ሰጥተዋል። ታዲያ የዚያ ጥናት ፍሬ የሆነው መድኃኒት ለራሳቸው አገር ሲወደድ ምን ይባላል?

አሁን ወደ ሁለቱ ሴቶች እንመለስ። ነገሩን ለመረዳት ፓተንት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ፓተንት ማለት አንድ ነገር የፈለሰፈ ሰው ለ20 ዓመት ያህል ሌላው እንዳይሠራው የሚከለክልበት መብት ነው። ሃሳቡ ክፉ አይደለም። 20 ዓመቱ ሲያልቅ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ መድኃኒት ይሠራሉ፣ ዋጋው ይወድቃል። የቤዳኩዊሊን ዋናው ፓተንት በህንድም በብዙ አገሮችም የሚያልቀው ሐምሌ 2023 ላይ ነበር።

ግን ኩባንያዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ያንኑ መድኃኒት ትንሽ ለወጥ አድርገው፣ ለምሳሌ ከሌላ ጨው ጋር አዋህደው፣ ሁለተኛ ፓተንት ይጠይቃሉ። ውስጡ ያው ነው። ልብሱ ተቀይሯል። ሁለተኛው ፓተንት ቢሰጥ ለቤዳኩዊሊን አራት ዓመት ይጨመር ነበር፣ እስከ 2027። አራት ዓመት ለእኛ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለተላመደ ቲቢ በሽተኛ ግን ሙሉ ዕድሜ ነው።

ህንድ ለምን? ምክንያቱም የዓለም ድሆች መድኃኒት በአብዛኛው የሚመረተው እዚያ ነው። የህንድ ፋብሪካዎች እንዲያመርቱ ከተፈቀደ መድኃኒቱ አዲስ አበባም፣ የፊሊፒንሷ ማኒላም፣ የሞልዶቫዋ ኪሺናውም ይረክሳል። ሁለተኛ፣ በ2005 የተሻሻለው የህንድ የፓተንት ሕግ፣ የታወቀን መድኃኒት ቅርጽ መቀየር ብቻ፣ ፈዋሽነቱን ካልጨመረ፣ አዲስ ፈጠራ አይባልም ይላል። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ሰው ፓተንቱ ከመሰጠቱ በፊት መቃወሚያ ማስገባት ይችላል። ማንኛውም ሰው። ኩባንያ መሆን የለበትም።

በ2019 የካቲት ወር ፉሜዛና ናንዲታ መቃወሚያቸውን አስገቡ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ደገፏቸው። ናንዲታ ያኔ ዳንሷን እንደገና ጀምራ ነበር። ባራታናትያም የሚባለውን የህንድ ባህላዊ ጭፈራ ሙዚቃውን ሳትሰማ ትጨፍረዋለች። ፉሜዛ ደግሞ በ2015 በቀዶ ሕክምና ጆሮዋ ውስጥ በተተከለ መሣሪያ ድምፅ መስማት ጀምራለች። ሁለቱም ከቲቢ ድነዋል። ቤዳኩዊሊን ለራሳቸው አያስፈልጋቸውም። ማን ጠየቃችሁ ቢባሉ መልሳቸው ቀላል ነው፤ መርፌውን ተወግተውት ያውቁታል።

ነገሩ አራት ዓመት ፈጀ። መጋቢት 23 ቀን 2023 የህንድ ፓተንት ቢሮ የኩባንያውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ። በማግስቱ የዓለም የቲቢ ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ተቻኮሉ። ህንድ ውስጥ በሩ ተከፈተ፣ በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ሁለተኛው ፓተንት አሁንም ተመዝግቦ ነበር። በሐምሌ 2023 አንድ በዩቲዩብ ብዙ ተከታይ ያለው አሜሪካዊ ደራሲ ስለዚህ ጉዳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ብዙ ወጣቶች ኩባንያውን በማኅበራዊ ሚዲያ መጠየቅ ጀመሩ። በቀናት ውስጥ ግሎባል ድራግ ፋሲሊቲ የሚባለው፣ ለድሃ አገሮች የቲቢ መድኃኒት በጅምላ የሚገዛው ተቋም፣ ከኩባንያው ጋር ስምምነት እንዳለው አስታወቀ። በስምምነቱ መሠረት በፓተንቱ ሥር ባሉ ብዙ አገሮችም የሌሎች አምራቾችን ክኒን መሸጥ ይቻላል። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ድርድሩ ከቪዲዮው በፊት የተጀመረ ነው። ግን ጫናው አልጠቀመም ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ ቀጥሎ የሆነውን ይይ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተቋሙ የግዢ ጨረታ ውጤት ሲታወቅ የስድስት ወሩ ዋጋ ከ289 ወደ 130 ዶላር ወረደ። በመስከረም የደቡብ አፍሪካ የውድድር ኮሚሽን በኩባንያው ላይ ምርመራ ከፈተ። በዚያው ወር መጨረሻ ኩባንያው ሁለተኛውን ፓተንት በ134 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ላይ እንደማያስከብር አስታወቀ።

አሁን የተላመደ ቲቢ ሕክምና ለአብዛኛው በሽተኛ ስድስት ወር ሆኗል። ሙሉ በሙሉ በክኒን። ቤዳኩዊሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን አንድ ላይ ይሰጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የመከረው በ2022 ነው። ከሁለት ዓመት ወደ ስድስት ወር! ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ቲቢን የሚመለከተው ሙግት ግን በመድኃኒት ብቻ አያበቃም። ጤና ጣቢያ አክታ ሰጥታችሁ ከሆነ ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን ማሽን ሰምታችሁ ይሆናል። ጀርሙ መኖሩንና ሪፋምፒሲንን መላመዱን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይናገራል። ፉሜዛ በታመመችበት ጊዜ እሱ ቢኖር ያ ሁሉ ወር ባልባከነ ነበር። ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ ካርትሪጅ፣ ማለትም አንዴ ብቻ የሚያገለግል ትንሽ የናሙና መያዣ፣ ያስፈልጋል። ለዓመታት የአንዱ ዋጋ 9.98 ዶላር ነበር። የመብት ተሟጋቾች የማምረቻ ወጪውን አስልተው «5 ዶላር ይበቃል» ብለው ዘመቱ። በ2023 መስከረም ላይ የማሽኑ አምራች ኩባንያ ወደ 7.97 ዶላር አወረደው። 5 አልሆነም። ግን የ2 ዶላር ልዩነት በሚሊዮን ሲባዛ ስንት በሽተኛ እንደሚመረመርበት አስቡ።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። መንግሥታት በ2023 በተባበሩት መንግሥታት ተሰብስበው እስከ 2027 ድረስ በዓመት 22 ቢሊዮን ዶላር ለቲቢ መከላከል፣ ምርመራና ሕክምና እንዲገኝ ቃል ገቡ። የተገኘው ከ6 ቢሊዮን አይበልጥም። ለምርምር 5 ቢሊዮን ተባለ፤ በ2023 የወጣው 1.2 ቢሊዮን አካባቢ ነው። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን በድንገት አቋረጠች። ለቲቢ በቀጥታ ከሚሰጡ መንግሥታት ትልቋ እሷ ነበረች። የቲቢ መድኃኒት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከላይ ስለ አረሙ ያልነውን አስታውሱ።

በሽተኛው ቤት የሚደርሰው ወጪም አለ። አገራችን ውስጥ በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ መድኃኒት ነፃ ነው። ግን ነፃ ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ታክሲ አለ፣ ምግብ አለ፣ ከሥራ መቅረት አለ፣ አስታማሚ አለ። በዓለም ላይ ቲቢ ከገባባቸው ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ በበሽታው ምክንያት ከዓመት ገቢያቸው ከ20 በመቶ በላይ ያጣሉ። የቀን ሠራተኛ የሆነ አባት ሁለት ወር ሲተኛ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ይህን ጥያቄ የማይመልስ የቲቢ ፕሮግራም ግማሹን ብቻ ነው ያከመው። ያም ሆኖ በእኛ አገር የተሠራ ሥራ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስሉትን ያገኛሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ኢትዮጵያ አሁንም ቲቢ በጣም ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ግን በ2021 ወጥታለች።

ለወደፊቱ ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ክትባት ነው። ያለን አንድ ክትባት ቢሲጂ ነው፣ ሕፃናት ክንድ ላይ ጠባሳ የሚተወው። መጀመሪያ የተሰጠው በ1921 ነው። ሕፃናትን ከከባዱ ቲቢ ይጠብቃል፤ የአዋቂዎችን ሳንባ ግን በደንብ አይጠብቅም። አሁን ኤም 72 የሚባል አዲስ ክትባት በመጨረሻው የሙከራ ደረጃ ላይ ነው። ሙከራው በ2024 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጀመረ፣ 20,000 ሰዎችን ያካትታል፤ ኬንያ፣ ዛምቢያ፣ ማላዊና ኢንዶኔዥያም አሉበት። ቀደም ብሎ በተደረገው ሙከራ ጀርሙ ከገባባቸው አዋቂዎች መሀል የሚታመሙትን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ያ ውጤት የታወቀው በ2018 ነበር። ቀጣዩ ሙከራ እስኪጀመር ግን ከአምስት ዓመት በላይ አለፈ። ለኮቪድ ስንት ወር እንደፈጀ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ክትባቱ ከሠራ ቀጣዩ ጥያቄ ዋጋው ይሆናል። ማን ያመርተዋል? ስንት ይሸጠዋል? የአፍሪካ ፋብሪካ እንዲሠራው ይፈቀድለታል? ቤዳኩዊሊን ከተፈቀደበት ቀን እስከ 130 ዶላሩ ድረስ ወደ 11 ዓመት ወስዷል። በእነዚያ ዓመታት መርፌው ሲወጋ ነበር። ስለ ክትባቱ ዋጋ ሙከራው ሳያልቅ ከወዲሁ መነጋገር ከተጀመረ፣ ለናንዲታና ለፉሜዛ አራት ዓመት የፈጀው ሙግት ለክትባቱ ላያስፈልግ ይችላል።